ከጭምብሉ ሥር የቀረው

ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን አልፏል። ማሽኖቹ ተነቅለው በከባድ መኪና ተጭነው ሄደዋል፤ አዳራሹም የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። በባለ ስምንት ጆሮ ውስጥ ግን የጠዋቱ ፈረቃ እንደ ገባ አልወጣም።

ባለ ስምንት የሚለው ስም የወጣላት እዚያው ሽመና ክፍል ነው። ሌላው ሸማኔ አራት ማሽን፣ ጎበዝ የተባለው ስድስት ሲይዝ፣ እሷ ስምንት ይዛ በመካከላቸው ስትመላለስ ትውል ነበር። ድር ሲበጠስ ትቋጥራለች፣ ማግ ሲያልቅ ትቀይራለች፣ አንዱን አስነስታ ሳትጨርስ ሌላው ይቆማል። ስሙ ተከትሏት ሰፈር ገባ። አሁን የጎረቤት ልጆች እንኳ እማማ ስምንት ነው የሚሏት፤ ስምንት ልጅ የወለደች የሚመስላቸውም አሉ። የወለደችው አንድ ነው፤ ሴት ልጅ፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ ጓሮ ሆና ብትናገር መንገድ ላይ የሚሰማ ድምፅ ያላት።

ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው በድምፅ አይነጋገርም። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ እየተወረወረ፣ ብረት ከእንጨት እየተላተመ፣ ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ላይ ሲንጫጫ፣ ጆሮ ሥር ተጠግቶ የጮኸም አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኛው የራሱን መላ ዘየደ። ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ሰፋ አድርጎ ቃሉን ይቀርጸዋል፤ ማዶ ያለው በዓይኑ ይቀበለዋል። ሰላምታውም፣ ሐሜቱም፣ የልብ ወሬውም በዚሁ ነው። የክፍሉ አለቃ ካቦውም ከንፈር ማንበብ ያውቅ ስለነበር፣ እሱን ማማት የፈለገ ጀርባውን ማዞር ነበረበት።

መካኒኩም ወደ ሕይወቷ የገባው በዚያ መንገድ ነው። ቀጭን፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ዘይት የጠጣ ሰው ነበር። አንደኛው ማሽኗ በተደጋጋሚ ሲቆም መፍቻውን ይዞ ይመጣል፣ ይጎነበሳል፣ ይነካካል፣ ቀና ይላል።

«ይህ ማሽን ምንም አልሆነም» አላት አንድ ቀን በከንፈሩ። «ማነው በየሰዓቱ የሚያቆመው?»

«እኔ ነኛ።»

«ለምን?»

«መካኒክ እንዲመጣ።»

በሳቅ ሲንፈራፈር አየችው። አልሰማችውም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው ያየችው።

መካኒኩ በከንፈሩ ሲናገር ውሃ ነበር። ይቀልዳል፣ ይተርካል፣ ካቦውን አስመስሎ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ቢለፈልፍ አይሰለችም። ከፋብሪካው በር ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ወሬ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ ይላል። ውጪ የሚያውቁት ሰዎች ዝምተኛው ይሉታል። የተጋቡ ዕለት እንኳ ፈቃዱ ሲጠየቅ ራሱን በኃይል ነቅንቆ ሰውን ሁሉ አሳቀ እንጂ ቃል አልተነፈሰም። ገበያ ላይ የምትከራከረው እሷ ናት፤ ከአከራይ ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት። እሱ አጠገቧ ቆሞ ዘንቢሉን ይይዛል።

ቤት ሲገቡም የፋብሪካው ልማድ አብሯቸው ገባ። ራት ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና ድምፅ ሳያወጡ እስኪደክማቸው ያወራሉ። መብራት ሲጠፋ ወሬያቸውም ይጠፋል፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ለጨለማ የሚገዛውን ሻማ እነሱ ለጨዋታ ይገዙታል። ግድግዳ የምትጋራቸው አከራይ ግን ይህን ሁሉ አታይም። የምትሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በፈጠራችሁ ታረቁ!» ትላለች በሩን ገፋ አድርጋ። «ስንት ዓመት ይኮረፋል? ለልጅቷ እንኳ እዘኑላት!»

እሷ ስትወጣ ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይንከተከታሉ። ኩርፊያ የሚባል ነገር ቤታቸውን ሳይረግጥ ልጅቷ አሥር ዓመት ሞላት።

ያን ዓመት ነው ሳንባው እምቢ ያለው።

ባለ ስምንት የዚያን ከሰዓት በኋላ አንድም ነገር አልረሳችም። የሆስፒታሉ ክፍል ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ መስኮቱ በነጭ ቀለም የተቀባ ነበር። አፍና አፍንጫው ላይ ኦክስጅን የሚያልፍበት ጭምብል ደፍተውበታል፤ ፕላስቲክ ነው፣ ያሳያል፣ ግን በተነፈሰ ቁጥር ጉም ይለብሳል። ዓይኗ በዚያ ሁሉ ዓመት የተማረውን ያ ጉም ጋረደባት። ከንፈሩ ከውስጥ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ቃሉን አታይም።

እሱም ገባው። እጁን አንሥቶ ጭምብሉን ገፋው። ከንፈሩ ገጠመ፣ ተጣበቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እንደገና ገጠመ። እንደዚያ ሲሆን አይታው አታውቅም። ከጉሮሮው የተቆራረጠ ነገር ይወጣል፤ ማሽን የበላው ጆሮዋን አስጠጋች፤ ያገኘችው የክር ያህል ነው፤ እሱም ወዲያው ይበጠሳል።

«እህቴ፣ ጭምብሉን አያስወልቁት» አለች ነርሷ ትከሻዋን ነካ አድርጋ። «ትንፋሽ አጥሮት ነው፣ ያደክመዋል።»

ባለ ስምንት ጭምብሉን መለሰችው። «በቃ፣ አትድከም» አለችው በከንፈሯ። እንደገና ገፋው። እንደገና መለሰችው፤ አሁን መዳፏን ከላዩ አደረገች፣ እንዳያነሳው። ከዚያ በኋላ አልታገለም። ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ቆየ። ሳይመሽ ሞተ።

ምን ሊላት ነበር?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዋን የኖረችው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ተበትኖ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭር ያለ ዕለት አልጋ ላይ ተቀምጣ ሳለ ፋብሪካውን ሰማችው። በመስኮት አየች። ፋብሪካው ወንዝ ማዶ ነው፤ ከዚያ ድምፁ አይደርስም። ጆሮዋን ይዛ ጫን አለችው፤ ጩኸቱ ይብስ ጨመረ። ውስጧ ነው። ከሥሩ እንደ ማሽን ይንጎደጎዳል፣ ከላዩ ቀጭን ፉጨት አለው፣ ማታ የለው ቀን የለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያብዳል። ያበዱም አሉ፤ ከእሷ ጋር ከሠሩት መካከል አንዷ ጩኸቱን ለማምለጥ ሬዲዮ ከፍታ ነው የምትተኛው። ባለ ስምንት ግን ጩኸቱ ከፍ ሲል አንድ ነገር አየች። የባሏን ከንፈር። ማሽን ማዶ ቆሞ፣ እንደ ድሮው፣ እንደ ውሃ ሲናገር። ካቦውን ሲያማ፣ ስለ ልጅቷ ጥርስ መውለቅ ሲቀልድ። ጸጥታ ባለበት አይመጣም፤ ድሮም ጸጥታ ውስጥ ማውራት አይወድም ነበር። ደግሞም የልጅቷንም የካቦውንም ነገር ይናገርና፣ የዚያን ከሰዓት ቃል ሊጀምር ሲል ጉም ይመጣል። ነገ ይነግረኛል፣ ዛሬ ጩኸቱ ስላነሰ ነው እያለች ጠበቀች። ጡረታ ወጣች፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ልጅቷ አግብታ ሄደች። ጩኸቱን እንደ ቤት እንግዳ አኑራ፣ ለማንም ሳትናገር ጠበቀች።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ልጇ ናት። አንድ ቅዳሜ መጥታ በሩን ስትደበድብ፣ ጎረቤት ሁሉ ሲወጣ፣ እናትየዋ ከውስጥ ሆና ሽንኩርት ትልጣለች።

«እማዬ፣ በሩን ላስሰብረው ነበር እኮ! ሞተሻል ብዬ!»

«ብሞት ሽንኩርት እልጣለሁ?»

«አትቀልጂ። ሰኞ ሆስፒታል ነን።»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ማስክ አድርጋለች። ባለ ስምንት ጣቷን ወደ ማስኩ ቀሰረች።

«አውርጂልኝ፣ ልጄ። ካላየሁሽ አልሰማሽም።»

ሐኪሟ ይቅርታ ጠይቃ አወረደችው፤ ከዚያ ጆሮዋን አየች፣ በድምፅ ፈተነቻት፣ ጠየቀቻት። ጩኸት አለብዎት? ከመቼ ጀምሮ? ባለ ስምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አዎ አለች። የከንፈሩን ነገር ግን ዋጠችው። ሐኪሟ ዓይኗ በራ። እሷና ጓደኞቿ የጆሮ ጩኸት ያለባቸውን ሰዎች አንጎል ፎቶ እያነሱ ያጠናሉ፤ ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎም በጥናቱ ይግቡ አለቻት። ባለ ስምንት እሺ ያለችው ከልጇ ቁጣ ለመዳን ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፎቶው ላይ አንድ ነገር ይገኝ ይሆን ብላ ነው።

የሚያነሳው ማሽን ሰው የሚውጥ ነጭ ቱቦ ነው። ባለሙያው ጆሮዋን በወፍራም ነገር ሸፈነላት።

«እማማ፣ ማሽኑ ይጮኻል። እንዳይደነግጡ።»

«ስንት ማሽን ነው?»

«አንድ ነው።»

«አንድ!» አለች ባለ ስምንት፣ ሳቋ መጣ።

ተንሸራታ ገባች። ማሽኑ ማንኳኳት፣ መንጎድጎድ፣ መፎጨት ሲጀምር ሌላው ሰው ጡጫውን ይጨብጣል፤ እሷ ሰውነቷ ተፍታታ። መካኒኩ መጣ። ከመቼውም ይልቅ ጠርቶ መጣ፣ የዐይኑ ሽፋሽፍት እንኳ ይታያል። ከዚያ በትንሽ መስታወት ውስጥ ፊልም አሳዩዋት፤ አንዲት ሴት ድምፅ የሌለው ወሬ ታወራለች። ስለ አንድ የጠፋ ጃንጥላ ነበር። ባለ ስምንት አንድ ቃል አላመለጣትም። ወጥታ ለባለሙያው «ጃንጥላውን የወሰደችው እህቷ ናት» ስትለው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ውጤቱን ሊነግሯት የጠሯት ቆይቶ ነው። ስክሪኑ ላይ የገዛ ራሷ ጭንቅላት በግራጫና በጥቁር ተሥሎ ነበር፤ እንደ ተሰነጠቀ የለውዝ ፍሬ።

«ይኸ ድምፅ የሚቀበለው ክፍል ነው» አለች ሐኪሟ በእርሳሷ ጫፍ እያመለከተች። «በእርስዎ ዕድሜ ካሉት ሰዎች ጋር ስናስተያየው ትንሽ ሳሳ ብሏል። ጩኸቱ ነው ያሳሳው ወይስ መስማትዎ መቀነሱ፣ ገና አልለየነውም። ከሰው ሰው ይለያያል።»

«ተበልቷል ማለት ነው?»

«አልተበላም። እንዴት ልበልዎት… ጆሮ የሚልከው ድምፅ ሲያንስ፣ አንጎል እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ያጣውን ከራሱ ለመሙላት ይሞክራል ብለን እናስባለን። ጩኸቱ ምናልባት እሱ ነው።» ሌላ ሥዕል አወጣች። «እኔን የገረመኝ ግን ይኸ ነው። ፊልሙን ሲያዩ ይኸው ክፍል፣ የመስሚያው፣ በደንብ ይሠራ ነበር።»

«ፊልሙ ድምፅ የለውም አላላችሁኝም?»

«የለውም። አንጎልዎ ግን ከንፈር ማየቱን እንደ መስማት አድርጎ ነው የያዘው። በሌሎች ሰዎችም ይታያል፤ በእርስዎ ግን በረታ።»

ባለ ስምንት ሥዕሉን አየች፣ ሐኪሟን አየች። «ታዲያ የማንን ድምፅ ነው የሰማሁት?»

ሐኪሟ እርሳሷን አስቀመጠች። «እሱን ሥዕሉ አያሳየንም፣ እማማ።»

በታክሲ ስትመለስ ይኸው ሐሳብ አልለቀቃትም። የባሏን ድምፅ አውቀዋለሁ ብላ ነበር የኖረችው። ረጋ ያለ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ ወፈር ያለ። እስቲ መቼ ነው የሰማሁት ብላ ወደኋላ ሄደች፤ ሽመና ክፍል፣ ራት ጠረጴዛ፣ ሻማው። አንድም ቦታ ላይ ድምፅ የለም። ለእሱ ያንን ድምፅ የሰጠችው ራሷ ናት?

ሐኪሟ ለሁለቱም ጆሮዋ ከጀርባው የሚሰካ ማዳመጫ አዝዛላት ነበር። የውጪው ድምፅ ሲገባ የውስጡ ሊቀንስ ይችላል፣ ለሁሉም ባይሆን ለብዙ ሰው ይረዳል ብላታለች።

«ጭራሹን ሊጠፋም ይችላል?» ብላ ጠይቃ ነበር ባለ ስምንት።

«ተስፋ እናድርግ!» አለቻት ሐኪሟ በፈገግታ።

ማዳመጫውን ባደረገች በሳምንቱ ቤቷ ሌላ ቤት ሆነባት። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ አለው። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ይጮኻል። ጣሪያው ላይ ወፎች የሚረግጡት እንደ ዝናብ ነው፤ እዚያ ወፎች እንዳሉ አታውቅም ነበር። ፋብሪካው እየራቀ ሄዶ፣ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ያህል ቀጠነ። መካኒኩም መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ታገሰች። ከዚያ ማዳመጫውን ነቅላ በመርፌና ክር ቆርቆሮዋ ውስጥ ጣለችው፣ ልጇ ሰው ልካ ስታስጠይቃት ባትሪው አልቋል ብላ ላከች።

ልጇ ቅዳሜ ባትሪ ገዝታ መጣች። ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ማዳመጫውን አውጥታ ወደ ገዛ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«ይሠራል እኮ፣ እማዬ።»

እናቷ ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳበች።

«የማላውቀው ነገር አለ? ያምሻል?»

«አያምም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ለምነን፣ ወረፋ ይዘን፣ ይኸን ሁሉ ተንከራተን…»

«አባትሽ አይመጣም፣ እሱን ሳደርገው።»

ልጇ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ያደገችበት ልማድ ነው፣ እናት የልጇን ከንፈር እንድታይ። ባለ ስምንት ያን ጊዜ ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። የጩኸቱን፣ የከንፈሩን፣ የጉሙን ነገር። ጭምብሉን ሁለቴ ገፍቶ ሁለቴ እንደ መለሰችበት። መዳፏን ከላዩ እንዳደረገች።

«ትንፋሽ አጥሮት እንዴት ይናገር ነበር?» አለች ልጅ።

«እንዲህ።» እናትየዋ ከንፈሯን ገጠመች፣ አጣበቀች፣ አንቀጠቀጠች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ገጠመች።

ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ይኸ ትንፋሽ ማጠር አይደለም። አባዬ ሲንተባተብ ነው እንደዚህ የሚሆነው።»

«ማን ሲንተባተብ?»

«አባዬ ነዋ።» እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። «አታውቂም? እማዬ፣ አታውቂም ነበር?»

አታውቅም ነበር። ልጅ ነገረቻት። እናት የማታ ፈረቃ ስትገባ አባት የቤት ሥራ ያሠራት እንደ ነበር። የንባብ መጽሐፏን ይዞ እያንዳንዱ ቃል እንቅ እያደረገው፣ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ። እሷ አሳዝኗት ቃሉን ቀድማ ስትለው ይቆጣ እንደ ነበር።

«አትጨርሺልኝ ይለኝ ነበር። ቀስ ብዬ እደርሳለሁ፣ አንቺ ቆይኝ ብቻ።»

«እኔ ጋ ግን…»

«ጠይቄዋለሁ። ለምን እማዬ ስትመጣ አትንተባተብም አልኩት። ከእናትሽ ጋር ብቻ ነው ምላሴ የማይያዘው አለኝ። ልጅ ነበርኩ፣ አንቺ ስትመጪ የሚድን ነበር የሚመስለኝ። ካደግኩ በኋላ ደግሞ አንቺ የማታውቂው መስሎ አልታየኝም። የገዛ ባልሽ!»

ባለ ስምንት እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ ያንን።» ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ ሰካች። የወፎቹ ኮቴ መጣ። «አሁን አሰሚኝ።»

«ምኑን?»

«እንዴት እንደሚል።»

«ማላገጥ ይመስላል፣ እማዬ። አልችልም።»

«አላግጪ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቷ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። «ጎ… ጎ… ጎ… ጎበዝ። የ… የኔ ል… ል… ልጅ።»

ድምፁ የሴት ነው፤ ሃምሳ ሕፃን ዝም የሚያሰኝ የአስተማሪ ድምፅ። መሰባበሩ ግን የሱ ነበር። ባለ ስምንት እንደገና አስባለቻት። ሦስተኛ ስትጠይቃት ልጅቷ አለቀሰች፤ ተነሥታ ሻይ ልጣድ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ለስላሳ፣ ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። አሥራ ምናምን ዓመት ምላሱን ከሚስቱ ደብቆ የኖረ ሰው ነበር፤ የፋብሪካው ጩኸት ሸፍኖለት፣ ቤት ሲገባ ዝምታውን ሽፋን አድርጎ። የመጨረሻዋ ቀን ጉሙ ከንፈሩን ሲጋርድበት ሌላ መንገድ አልቀረውም። ጭምብሉን ገፍቶ በድምፁ ሊነግራት ጀመረ። ያፈረበትን፣ የተሰባበረውን ድምፁን ሊያሰማት። እሷም በመዳፏ ከደነችው።

የከሰዓቱ ፀሐይ ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ደርሷል። ባለ ስምንት ማዳመጫዎቹን አወለቀችና ከፊቷ አኖረቻቸው። የጓዳው ግርግር ጠፋ። ጩኸቱ ከሩቅ ተነሥቶ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣ ቤቱን ሞላው። መካኒኩ ማሽኑ ማዶ ቆሟል። እንደ ለመደው ፈገግ አለና ያችን የካቦውን ወሬ እንደ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ።

ባለ ስምንት ራሷን ነቀነቀች። «እንደዚያ አይደለም» አለችው።

ከንፈሩ ቆመ።  ከዚያ ገጠመ፣ ተጣበቀ፣ ተንቀጠቀጠ። እጆቿ ሊነሡ ፈለጉ፤ ጉልበቷ ላይ ጨብጣ ያዘቻቸው።

«ቀስ በል» አለችው፣ በከንፈሯ ሳይሆን በድምፅዋ። «አልቸኩልም።»

«እማዬ፣ ጠራሽኝ?» አለች ልጇ ከጓዳ። አልሰማቻትም። እንደገና ጮክ ብላ ብትጠራትም አልሰማቻትም፤ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ገጥሞ የሚከፈተውን፣ ተከፍቶ የሚገጥመውን ከንፈር ትጠብቃለች።